152 ኪሎ የገፋ የታክሲ ሹፌር፦ ሃይሮክስ ለጀማሪ ያዋጣል ወይ?

ለቸኮለ ሰው መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ሃይሮክስ የሚባለው የሩጫና የጉልበት ውድድር ያዋጣል። ግን ሩጫውን የናቀ ይቀጣል፤ "እኛ እኮ የሯጭ አገር ልጆች ነን" ብሎ የገባ ደግሞ እጥፍ ይቀጣል። እኔ በሁለተኛው ጥፋት ነው የተቀጣሁት።

ዕድሜዬ 43 ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በቀን አሥር ሰዓት፣ አንዳንዴ አሥራ ሁለት ሰዓት ቁጭ። ቁርስም ምሳም መሪው ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪሜ የደም ምርመራዬን አይታ ስኳር ገና አልያዘህም ግን በሩ ላይ ደርሷል አለችኝ። ይህንን ለባለቤቴ ነገርኳት። ባለቤቴ ለእህቴ ነገረች። እህቴ ለልጇ ነገረች። ወሬ እንዲህ ሲዞር መጨረሻው አያምርም።

የእህቴ ልጅ 24 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ጂም የሚውል። አንድ እሁድ ቡና እየጠጣን ስልኩን አውጥቶ "አጎቴ፣ ስምህን አስገብቼዋለሁ፣ ገንዘቡ አይመለስም" አለኝ። የተከፈለው በእኔ ካርድ ነበር። ካርዴን ማን እንደሰጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ባለቤቴ ግን የዚያን ቀን ቡናውን ስትቀዳ በጣም ዝም ብላ ነበር።

ሃይሮክስ ምንድን ነው ለምትሉ፦ በፈረንጆቹ 2017 ጀርመን፣ ሐምቡርግ ውስጥ የተጀመረ የአካል ብቃት ውድድር ነው። የጀመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ትልልቅ የስፖርት ዝግጅቶችን ሲያዘጋጅ የኖረው ክርስቲያን ቶትዝከ ነው። ሌላው ሞሪትዝ ፉርስተ ነው፤ በሜዳ ሆኪ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ ሰው። አሠራሩን አንድ ልጅ እንኳ ይረዳዋል። አንድ ኪሎ ሜትር ትሮጣለህ፣ ከዚያ አንድ ከባድ ሥራ ትሠራለህ። እንደገና አንድ ኪሎ ሜትር፣ እንደገና አንድ ሥራ። እንዲህ እያለ ስምንት ጊዜ። በድምሩ 8 ኪሎ ሜትር ሩጫና ስምንት ጣቢያ፣ ሁሉም በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ።

የወደድኩለት ትልቁ ነገር የትም ብትሄድ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ዲሲም ሆነ ለንደን ወይም ዱባይ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፣ ክብደቱ አይቀየርም። ዱባይ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ከእኔ በፊት ገብታ ነበርና የእሷን ሰዓት ከእኔ ሰዓት ጋር ማወዳደር ይቻላል። (አወዳደርን። ስለ ውጤቱ ባናወራ ይሻላል።) ሁለተኛው ነገር ደግሞ የሰዓት ገደብ የለውም። ሁለት ሰዓትም ይፍጅብህ ሦስት፣ "በቃህ ውጣ" የሚልህ የለም። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልሂድ፤ ግምገማው የሚከብደውም እዚህ ጋ ነው።

ከቤቴ አሥር ደቂቃ የሚርቅ አንድ ጂም "ለጀማሪዎች፣ 12 ሳምንት" የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ አየሁና ገባሁ። ስሙን አልጠራም። አሠልጣኟ ጎበዝ ናት፣ ስለ እሷ ክፉ አልናገርም። የመጀመሪያ ቀን ከየት ነህ አለችኝ። ኢትዮጵያ አልኳት። ፊቷ በራ። "እንግዲያው ሩጫው አያሳስበንም" አለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዱ ልጅ እንዲያውም አጠገቤ መጥቶ ስለ ቀነኒሳ ጠየቀኝ።

እዚህ ጋ እውነቱን ላውጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር ሮጦ ይሄድ ሮጦ ይመለስ ነበር፤ ደብተሩን በግራ እጁ ይይዝ ስለነበርም በኋላ ዓለምን ሲያሸንፍ ያ እጁ ጠመም እንዳለ ነው የሚሮጠው። እኔ መርካቶ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤቴ ከግቢያችን አጥር ጀርባ ነበር። እሱንም አረፍድ ነበር።

ያን ቀን አንድ ኪሎ ሜትር አስሮጠችን። ሁለት ጊዜ በእግሬ ሄጄ፣ አንድ ጊዜ ጫማዬን እንደማስር ሆኜ ቆሜ፣ በ8 ደቂቃ ከምናምን ጨረስኩ። አሠልጣኟ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሰዓቷን አየች። ስለ ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ አላነሳችም።

የጂሙ ጥሩ ጎን ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ሩጫ ላይ አተኩሯል። በሳምንት ሁለት ቀን ቀስ ያለ ሩጫ፣ እያወራህ መሮጥ እስክትችል ድረስ ቀስ ያለ። መጀመሪያ አላመንኩም ነበር፤ ፈጣን ለመሆን ቀስ ብለህ ሩጥ የሚል ነገር ይገባችኋል? ግን ሠራ። አራተኛው ሳምንት ላይ ሳልቆም ሦስት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ ዘጠነኛው ላይ ሰባት። ሳልቆም የሚለውን ቃል አስምሩልኝ።

መጥፎ ጎኑስ? አንድ አሠልጣኝ ለሃያ አምስት ሰው። የሚገፋው ስሌድ አንድ ብቻ። ስሌድ ማለት ክብደት የሚጫንበት፣ ጎማ የሌለው፣ መሬት ላይ የሚንሸራተት ብረት ነው። ተራህ እስኪደርስ ላብህ ይደርቃል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ወለሉ ነው። የጂሙ ወለል ልሙጥ ስለሆነ ስሌዱ ሲነኩት ይሄዳል። ውድድሩ ላይ ግን የሚገፋው ምንጣፍ ላይ ነው። ልዩነቱን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ፦ የምትመዘገቡበት ጂም ምንጣፍ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ከሌለው ክብደቱን ጨምራችሁ ተለማመዱ። ይህችን አንዲት ነገር ባውቅ ኖሮ ውድድሩ መሃል ላይ እንደዚያ አልዋረድም ነበር። ሌላው ቅሬታዬ ደግሞ 12 ሳምንቱ ካለቀ በኋላም ከካርዴ ገንዘብ መውሰዳቸው ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ ነው ያስቆምኩት። ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት የውሉን መጨረሻ ገጽ አንብቡ።

ጂም በማልሄድበት ቀን ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ እለማመድ ነበር። የታክሲ ሰው ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ትቆማለህ። ሌሎቹ ካርታ ይጫወታሉ ወይም ስለ አገር ፖለቲካ ይጣላሉ። እኔ ከመኪናዎቹ ጀርባ ላንጅ እሠራ ነበር፤ አንድ እግር ወደፊት፣ የኋላው ጉልበት መሬት እስኪነካ ዝቅ፣ ከዚያ ሌላው እግር። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሽማግሌ ሹፌር ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ ቆይቶ መጣና "አንተ ልጅ፣ ቁልፍ ጠፋብህ እንዴ? ላግዝህ?" አለኝ። አጎንብሶ መፈለግ ጀመረ። የምሠራውን ሳስረዳው ትንሽ አሰበና "ለዚህ ደግሞ ትከፍላለህ?" አለ።

የምግቡ ጉዳይ። ውድድሩ የዋለው ሁዳዴ ውስጥ ነበር። አሠልጣኟ እንቁላል፣ ዶሮ፣ እርጎ እያለች ስትዘረዝር "ለ55 ቀን አልበላም" አልኳት። አዲስ ዓይነት ዳይት የጀመርኩ መስሏት ስሙን ጠየቀችኝ። ጾም ላይ ላላችሁ ግን መልካም ዜና አለኝ፤ ይቻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ አሹቅ፣ ተልባ ሳላጓድል እበላ ነበር፤ ጉልበት አላነሰኝም። ከባዱ ምን እንደሚበላ ሳይሆን መቼ እንደሚበላ ነው። በሥራ ቀን እስከ ከሰዓት ሳልበላ ቆይቼ ከዚያ ወዲያው ልምምድ ስገባ ሁለት ጊዜ ዓይኔ ጨልሞብኛል። ልምምዱን ወደ ማታ፣ ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወሰድኩትና ተስተካከለ። በጤና ምክንያት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ አትሞክሩት። እኔ አማክሬያለሁ።

የውድድሩ ጠዋት ቁርሴ በሶ ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ በጠዋት መብላቱ ሕሊናዬን አልከበደውም። በሶ፣ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ማር። (ሐኪሜ አማርኛ አታነብም።) የእህቴ ልጅ በሚያብረቀርቅ ከረጢት የታሸገ ጄል ሲመጥ እኔ የአያቶቼን የመንገድ ስንቅ በጥብጬ ጠጣሁ። ሁለታችንም እስከ መጨረሻ ደርሰናል፤ ዋጋውን ግን አወዳድሩት።

አዳራሹ ስትገባ መጀመሪያ የሚመታህ ሙዚቃው ነው፣ ቀጥሎ የሰው ብዛት። ቁርጭምጭሚትህ ላይ ሰዓት የሚቆጥር ቺፕ ታስራለህ። ሁሉም አንድ ላይ አይነሳም፤ በየጥቂት ደቂቃው አንድ አንድ ቡድን ይለቀቃል። የእኔ ቡድን ውስጥ የነበሩትን ሳይ ልቤ ወረደ። ሁሉም የተጠረበ ሐውልት ይመስላሉ። አንዱ ብቻ እንደ እኔ ቦርጭ ነበረው፤ እሱን ዓይኔን ጥዬበት ከእሱ ጋር እሆናለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሲለቀቅ ያ ቦርጫም ሰውዬ እንደ ጥይት ተፈተለከ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄው ነው፤ ተከተልኩት። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በሕይወቴ ሮጬ በማላውቀው ፍጥነት ሮጥኩ። ተመልካቹ ይጮሃል፣ ስሜት ይወስዳል። ለጀማሪ የምለው ምክር፦ የመጀመሪያው ሩጫ ላይ ሰው ሁሉ ሲያልፍህ እለፉኝ በል። አብዛኞቹን አራተኛው ሩጫ ላይ ታገኛቸዋለህ።

የመጀመሪያው ጣቢያ ስኪ ኧርግ ይባላል፣ 1000 ሜትር። ቆመህ ከላይ የተንጠለጠሉ ሁለት መያዣዎችን ወደ ታች ትስባለህ። የደብር ደወል የሚደውል ዲያቆን አይታችሁ ከሆነ በቃ እሱ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ። አይከፋም።

ሁለተኛው ግን የእኔ ውርደት ነው። ስሌድ መግፋት፣ 50 ሜትር፣ ለእኔ ምድብ ከነብረቱ 152 ኪሎ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ሰማያዊ ላዳ ታክሲ የነበረው ጎረቤት ነበረን። በየጠዋቱ "ልጆች፣ ግፉልኝ" ይላል፤ እንገፋለን፤ ላዳው ያስላል፣ ይነሳል። ያን ልምድ ይዤ ነው የገባሁት። ላዳ ግን ጎማ አለው! ይሄ ነገር ምንጣፉ ላይ ተጣብቆ ቁጭ አለ። ገፋሁ፣ አልሄደም። ጎንበስ ብዬ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ እግሬን በትንንሹ እየቀያየርኩ እንደገና ገፋሁ፤ ተነቃነቀ። ከተነቃነቀ በኋላ አታቁመው የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ማስነሳቱ ከመግፋቱ ይብሳል። እኔ ግን አሥራ አንድ ጊዜ ቆምኩ። አጠገቤ የነበረች ዳኛ ቀስ ብላ "ጊዜ አለህ" አለችኝ። ያቺ ቃል ብዙ ረዳችኝ።

ጫማ! ረስቼው። የጫማችሁ ሶል ምንጣፍ የሚቆነጥጥ መሆን አለበት። እኔ ለሩጫ ብቻ የተሠራ፣ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጫማ ነበር ያደረግኩት፤ ወደ ኋላ ስንሸራተት ከርቀት ያየኝ ሰው የምጨፍር ሳይመስለው አይቀርም።

ሦስተኛው ስሌዱን በገመድ ወደ ራስ መሳብ ነው፣ 103 ኪሎ፣ ያው 50 ሜትር። ከጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው ስልቱን ያውቀዋል፤ በክንድ ብቻ ሳይሆን በመላ ሰውነት ወደ ኋላ እየተደገፉ ነው። አራተኛው በርፒ ነው፤ ደረትህ ወለል እስኪነካ ትወድቃለህ፣ ትነሳለህ፣ ወደፊት ትዘላለህ፣ እንዲህ እያልክ 80 ሜትር። የሕማማት ስግደት የለመደ ሰው እዚህ ጋ ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አይገናኝም። ስግደት አያዘልልም።

አምስተኛው መቅዘፊያ ማሽን ነው፣ 1000 ሜትር። እዚህ ጋ ከአዳራሹ ሁሉ ደስተኛው ሰው እኔ ነበርኩ። ለምን? ተቀምጠህ ነው የሚሠራው! መቀመጥ የእኔ ሙያ ነው። ትንፋሼ ተመለሰ፣ ልቤ ወደ ቦታው ገባ፣ እንዲያውም በሥራ ሰዓት እንደማደርገው ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ከዚያ ሲነሱ ነው ጉዱ። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስንት ዙር እንደሆነ እንደ አዳራሹ ይለያያል፤ ቆጣሪው ደግሞ አንተው ነህ። ቺፑ የሮጥከውን ይመዘግባል፤ አጉድለህ ወደ ጣቢያ ከገባህ ግን ቅጣት አለ። ስድስተኛው ሩጫ ላይ ዙሩ ጠፋኝ። አንድ ቀረኝ ወይስ ጨረስኩ? አእምሮዬ ነጭ ወረቀት ሆነ። ከመቀጣት ብዬ አንድ ዙር ጨመርኩ። በኋላ ውጤቱን ስናይ ጨርሼ ነበር ለካ። በነጻ የተሮጠ ዙር! ለካ መንገድ መሳት ታክሲ ውስጥ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየዙሩ አንድ የጎማ አምባር ከግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ የሚያዛውሩ ሰዎች አይቻለሁ። ስታዩዋቸው አትሳቁባቸው።

ስድስተኛው ጣቢያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እጀታ ያላቸው ሁለት ብረቶች፣ እያንዳንዳቸው 24 ኪሎ፣ በሁለት እጅ አንጠልጥሎ 200 ሜትር መሄድ። ፋርመርስ ካሪ ይሉታል። ጂም ውስጥ ሁሉም ሰው እዚህ ጋ "እጄ ሊበጠስ ነው" ሲል እኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ውድድሩ ላይ ብረቶቹን አንስቼ አሥር እርምጃ እንደሄድኩ ገባኝ። ልጅ ሆኜ ቤታችን ቧንቧ አልነበረም። ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነበር፣ ወረፋ ተይዞ። ሃያ ሊትር ጄሪካን፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ከቦኖው እስከ ቤት። ክዳኑ የጠፋበት ከሆነ ውሃው እንዳይፈስ ትከሻህን ሳታወዛውዝ፣ አጭር አጭር እርምጃ፣ ቶሎ ቶሎ። ካስቀመጥከው ማንሳቱ ይብሳልና ሳታርፍ። እናቴ በር ላይ ቆማ ምን ያህል እንደደፋሁ ነበር የምታየው። ይህን ማንም አሠልጣኝ አላስተማረኝም፤ እግሬ ራሱ ያውቀዋል። 200 ሜትሩን አንድም ጊዜ ሳላስቀምጥ ጨረስኩ። ያለፍኳቸውን ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው። ከሰባቱ አንዱ በግማሽ የኔ ዕድሜ ያለ፣ ጡንቻው ሸሚዙን የወጠረ ልጅ ነበር። የአገር ቤት ስልጠና ይሏል ይሄ ነው። ሰው ስለ ሯጮቻችን ሲጠይቀኝ የነበረው በከንቱ ነው፤ ስለ ቦኖ ነበር መጠየቅ የነበረበት።

ሰባተኛው ያው የኤርፖርቱ ላንጅ ነው፣ አሁን ግን ትከሻ ላይ 20 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት አለ፣ 100 ሜትር። ጉልበት ወለል ካልነካ አይቆጠርም። ቁልፍ መፈለጉ ዋጋ ነበረው፤ ቀስ ብዬ ግን ሳልወድቅ ጨረስኩ። ስምንተኛው ሩጫ ሩጫ አይባልም። የሚንቀሳቀስ ነገር ነበርኩ ልበል።

የመጨረሻው ዎል ቦል። 6 ኪሎ ኳስ ደረትህ ላይ ይዘህ ቁጢጥ ትላለህ፣ ስትነሳ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ኢላማ ላይ ትወረውረዋለህ፣ ኳሱ ሲመለስ ትቀበለውና እንደገና። 100 ጊዜ። ዳኛ ፊትህ ቆሞ ይቆጥራል። በደንብ ካልተቀመጥክ ወይም ኢላማውን ካልነካህ ያቺ አትቆጠርልህም፤ ጉልበትህ ግን ሄዷል።

ጂም ውስጥ በደከመ እግር መቶውን ጨርሼ አላውቅም። ከፍተኛው ቁጥሬ 64 ነበር። አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ እዚያው አካባቢ እግሬ እምቢ ብሎኛል። ማታ ማታ ያ 64 ይታየኝ ነበር። ስለዚህ ዕቅዴ አሥር አሥር እየሠራሁ ማረፍ ነበር። እስከ 40 ሠራ። ከዚያ ስድስት ስድስት ሆነ። ከዚያ አራት አራት። 60 ላይ ኳሱን ጥዬ እጄን ጉልበቴ ላይ ደግፌ ቆምኩ፤ ላቤ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። ይሄኔ ከአጥሩ ወዲያ የእህቴ ልጅ ድምፅ መጣ፣ በሙሉ ኃይሉ፦ "በርቺ አጎቴ! በርቺ!"

አማርኛው እንዲህ ነው፤ ከእናቱ ስለተማረ ሁሉም ሰው ሴት ነው። አጠገቡ ያሉት ፈረንጆች ቃሉን ቀበል አደረጉትና "በርቺ! በርቺ!" እያሉ መጮህ ጀመሩ። ሳቄ መጣ። ዳኛው ለምን እንደምስቅ አልገባውም። ኳሱን አነሳሁ። 61፣ 62፣ 63፣ 64። ከዚያ 65። 65 ስትባል እግሬን ጠበቅኩት፤ ምንም አላለም። ያው እንደሚያመው ያመዋል እንጂ የተለየ ነገር የለም። አራት ጊዜ ያስቆመኝ ግድግዳ የት እንዳለ ፈለግኩት፣ አጣሁት። የቀረውን ሁለት ሁለት እያልኩ ጨረስኩ፤ 99ኛዋን ዳኛው አልቆጠረልኝም፣ ስለዚህ 99ን ሁለት ጊዜ ወርውሬያታለሁ።

ሰዓቴ 1 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ነው። በዕድሜ ምድቤ ከታች ብትቆጥሩ ቶሎ ታገኙኛላችሁ። ጎበዞቹ ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሱታል። ሜዳሊያ የለም፤ የጨርቅ ባጅ ነው የሚሰጡህ። ባለቤቴ አገላብጣ አይታ "ለዚህች ነው?" አለች። አሁን ታክሲው ውስጥ ከመስቀሉ አጠገብ ተሰቅላለች።

እንግዲህ ፍርዴ። ለውድድሩ ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክብደቱ በምድብ እንጂ በሰውነት ኪሎ አይደለም፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድም 100 ኪሎ የሚመዝንም ያንኑ 152 ነው የሚገፋው። ቀጭን ወንድሞቼ ስሌዱ ላይ እንደምታለቅሱ እወቁ፤ ሩጫው ላይ ትካካሳላችሁ። ሁለተኛ፣ ርካሽ አይደለም። ትኬቱ የአንድ ቅዳሜ ሙሉ ገቢዬን በላ፤ በብዙ ቦታ ሊያያችሁ የሚመጣው ቤተ ዘመድም ትኬት ይገዛል። አሥራ አምስት ሰው ይዞ መሄድ የለመደው የእኛ ሰው ይህን ያስብበት። ለጂሙ ሁለት ኮከብ፤ ሁለቱም የአሠልጣኟ ናቸው።

ለማን ይሆናል? ሳይቆም አምስት ኪሎ ሜትር መሮጥ ለሚችል፣ ቢያንስ ሦስት ወር ለመዘጋጀት ጊዜ ላለው ሰው። ጉልበት ወይም ወገብ የሚያመው ሰው መጀመሪያ ይታከም። ብቻውን ለሚፈራ ደግሞ ለሁለት የሚገባበት አለ፤ ሩጫውን አብራችሁ ትሮጣላችሁ፣ ጣቢያውን ትካፈላላችሁ። ለአራት የሚገባበትም አለ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ ሜትርና ሁለት ጣቢያ ብቻ ይደርሰዋል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ሰው የሚሆነው ይሄኛው ነው።

ኤርፖርት ወረፋ ላይ ስናገር ሦስት ሹፌሮች ለሚቀጥለው ተስማምተዋል። ቁልፍ ሲፈልግልኝ የነበረው ሽማግሌም አንዱ ነው፤ ዕድሜው 61 ነው፣ ጄሪካኑን ለእኔ ተዉልኝ ብሏል። መቅዘፊያውን፣ ተቀምጦ ስለሆነ፣ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ዕጣ ልንጥል ነው። ስሌዱን እኔ ወስጃለሁ፣ ቂም አለኝ። ዎል ቦሉን ግን እስካሁን እጁን ያወጣለት የለም።